ከ«ወራጅ አለ» ጀምሮ፦ ትንንሽ ፍርሃቶች እንዴት እንደሚያድጉና እንዴት እንደሚገሩ

ፍርሃት ሲባል ወደ ብዙዎቻችን ሐሳብ የሚመጣው ትልቁ ፍርሃት ነው፤ ጦርነት፣ በሽታ፣ ሞት። የዕለት ተዕለት ኑሯችንን በይበልጥ የሚቀርጹት ግን ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥራቸው ትንንሽ ፍርሃቶች ናቸው። በአዲስ አበባ ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ብሎ ድምፁን ማሰማት ከብዶት መውረጃውን አልፎ በእግሩ የሚመለስ ወጣት አለ። ያልገባትን ሳትጠይቅ ዓመቱን የምትጨርስ ተማሪ አለች። በእድር ስብሰባ ላይ ጠቃሚ ሐሳብ ይዞ ሳይናገር ወደ ቤቱ የሚመለስ አባወራ አለ። በአሜሪካ ወይም በጀርመን እየኖረች «አነጋገሬን ይስቁብኛል» በሚል ሥጋት የስልክ ጉዳዮቿን ሁሉ በልጇ አፍ የምታስጨርስ እናትም አለች። እያንዳንዱን ነጥለን ስናየው ኢምንት ይመስላል፤ ለዓመታት ሲደማመር ግን የሰውን ትምህርት፣ ሥራ፣ ወዳጅነትና ለራሱ ያለውን ግምት የሚወስን ይሆናል።

«አይዞህ፣ አትፍራ» የሚለው ምክር በቅንነት የሚሰጥ ቢሆንም ብዙ የማይረዳው ፍርሃት በትእዛዝ የሚነሳና የሚቀመጥ ነገር ስላልሆነ ነው። ፈሪው ሰው ራሱ ነገሩ ያን ያህል እንደማያስፈራ ብዙውን ጊዜ ያውቃል፤ ማወቁ ግን የልቡን ምት አያረጋጋለትም። ስለዚህ «ድፍረቱ ሲመጣልኝ አደርገዋለሁ» ብሎ ይጠብቃል። ከመቶ ዓመት በላይ የተካሄደው የሥነ ልቦና ምርምር የሚያሳየን ግን ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ መሆኑን ነው፤ ድርጊቱ ይቀድማል፣ ፍርሃቱ የሚቀንሰው ከድርጊቱ በኋላ ነው። ምክንያቱን መረዳት ራሱ ትልቅ እገዛ እንዳለው አምናለሁ፤ ለምን እንደሚጨነቅና ጭንቀቱ ወዴት እንደሚያመራ የተረዳ ሰው የመጀመሪያዎቹን ከባድ ደቂቃዎች ለመታገሥ የሚያበቃ ምክንያት ያገኛልና።

ፍርሃት የሚዛመትበትና ሥር የሚሰድበት መንገድ

በአንጎላችን ውስጠኛ ክፍል፣ በግራና በቀኝ፣ አሚግዳላ የሚባል አነስተኛ የነርቭ ሕዋሳት ክምችት ይገኛል። ይህ ክፍል አደጋን የሚጠቁም ምልክት ሲደርሰው ገና አስበን ሳንጨርስ ሰውነታችንን ያነቃቃል፤ አድሬናሊን ይረጫል፣ ልብ በኃይል ይመታል፣ እጅ ያልበዋል፣ አፍ ይደርቃል፣ ትንፋሽ ይቆራረጣል። ይህ ሁሉ ለመሸሽ ወይም ለመታገል የሚያዘጋጅ ጤናማ ሥርዓት ነው። ችግሩ የሚመጣው ሥርዓቱ ጉዳት የማያደርስን ነገር፣ ለምሳሌ የአሥራ ሁለት ተሳፋሪዎችን ዓይን፣ እንደ አደጋ ቆጥሮ ሲመዘግብ ነው።

ፍርሃት በልምድ የሚተከል መሆኑን ካሳዩት የመጀመሪያ ሙከራዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1920 የታተመው የጆን ዋትሰንና የሮዛሊ ሬይነር ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ አልበርት ብለው የጠሩት የ11 ወር ገደማ ሕፃን ነጭ አይጥ ለመንካት እጁን ሲዘረጋ ከጀርባው የብረት ዘንግ በመዶሻ እየመቱ ያስደነግጡት ነበር። ይህ ከተደጋገመ በኋላ ሕፃኑ ድምፁ ባይሰማም አይጡን ሲያይ ማልቀስ ጀመረ፤ ፍርሃቱም አይጡ ላይ ሳይወሰን ወደ ጥንቸል፣ ወደ ውሻና ወደ ፀጉራም ካፖርት ተዛመተ። ሙከራው ዛሬ በየትኛውም የምርምር ሥነ ምግባር ደንብ የማይፈቀድ ጭካኔ ነው፤ ተመራማሪዎቹ የተከሉበትን ፍርሃት ሳይነቅሉለት ልጁ ሄደ። የመዛመቱን ነገር ግን አባቶቻችን «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ሲሉ ከማንም ቀድመው አስተውለውታል። በሦስተኛ ክፍል አንድ ቀን የተሳሳተ መልስ ሰጥቶ የተሳቀበት ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የሚፈራው ያንን ክፍል ወይም ያንን መምህር ብቻ አይደለም፤ ሰዎች ተሰብስበው አንድ ሰው የሚናገርበትን ሁኔታ ሁሉ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ያ ልጅ ዳግመኛ ሳይሳቅበት ዓመታት ካለፉ ፍርሃቱ ለምን በራሱ አይጠፋም? አሜሪካዊው ተመራማሪ ሆባርት ማውረር እ.ኤ.አ. በ1947 ያቀረበው ማብራሪያ እስከ ዛሬ የጉዳዩ ቁልፍ ሆኖ ቆይቷል። ፍርሃቱ መጀመሪያ በመጥፎ አጋጣሚ ይተከላል፤ ከዚያ በኋላ የሚያቆየው ሽሽት ነው። ሰውየው እጁን ለማውጣት ሲያስብ ይጨነቃል፤ «ይቅርብኝ» ሲል ወዲያውኑ እፎይ ይላል። ይህች እፎይታ ሽልማት ናት፤ አንጎል የተሸለመበትን ነገር ይደግማል። ከዚህም የከፋው፣ የሸሸ ሰው ቢናገር ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር የሚያይበት ዕድል አያገኝም። አንጎሉ የሚመዘግበው «ስለሸሸሁ ተረፍኩ» የሚለውን ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ሽሽት ፍርሃቱ ትክክል እንደነበር የሚመሰክር ሐሰተኛ ምስክር ይሆናል። ትንንሽ ፍርሃቶች ያለ ምንም አዲስ ጉዳት ከዓመት ወደ ዓመት የሚያድጉት በዚህ መንገድ ነው።

የጴጥሮስ ጥንቸል

መፍትሔውን በተግባር ካሳዩት ቀደምት ተመራማሪዎች መካከል ሜሪ ከቨር ጆንስ ትገኝበታለች። እ.ኤ.አ. በ1924 ባሳተመችው ጽሑፍ፣ በእኛ አጠራር ጴጥሮስ ልንለው የምንችለውን ፒተር የተባለ ሦስት ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ልጅ ታሪክ ታቀርባለች። ልጁ ጥንቸል፣ ፀጉራም ልብስና ጥጥ ሳይቀር ይፈራ ነበር። ጆንስ ልጁን ከጥንቸሉ ጋር በግድ አላጋፈጠችውም፤ «የማያስፈራ ነው» እያለችም አልሰበከችውም። ልጁ የሚወደውን ምግብ እየበላ ሳለ ጥንቸሉ በሽቦ ቤት ውስጥ እንዳለ መጀመሪያ ራቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ልጁ ሳይረበሽ መብላቱን ሲቀጥል ትንሽ ይቀርባል፤ በሌላ ቀን ደግሞ ትንሽ። አንዳንድ ጊዜም ጥንቸሉን የማይፈሩ ልጆች ከእርሱ ጋር እንዲሆኑ ይደረግ ነበር። በመጨረሻ ጥንቸሉ የልጁን ጣቶች እየነካከሰ ሲጫወት ልጁ ዝም ብሎ የሚያይበት ደረጃ ላይ ተደረሰ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይነገር፣ ለእኔ ግን ከሁሉ ይልቅ ጠቃሚ የሚመስለኝ አንድ ክፍል አለ። መሻሻሉ መሐል ላይ ልጁ በቀይ ትኩሳት ታሞ ለሁለት ወር ገደማ ከሙከራው ራቀ። ከሆስፒታል ሲወጣ፣ ከነርሷ ጋር ታክሲ ሊገቡ ሲሉ፣ አንድ ትልቅ ውሻ ዘለለባቸውና ሁለቱም ክፉኛ ደነገጡ። የልጁ ፍርሃት ወደ ጥንቱ ተመለሰ። ጆንስ እንደገና ከሩቁ ጀመረች፤ እንደገናም ተሳካላት። ደክሞ የተሻሻለ ሰው አንድ ክፉ ቀን ሲገጥመው «ሁሉም ነገር ከንቱ ነበር» ብሎ እንዳይደመድም ይህ የመቶ ዓመት ታሪክ ቢነገረው መልካም ነው።

ዘዴውን በሥርዓት አደራጅቶ ለሕክምና ያዋለው ደቡብ አፍሪካ የተወለደው ሐኪም ጆሴፍ ዎልፒ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው ሥራው ታካሚው የሚፈራቸውን ነገሮች ከቀላሉ ወደ ከባዱ በደረጃ እንዲያስቀምጥ፣ ከዚያም ሰውነቱን ዘና እያደረገ በየደረጃው እንዲያልፍባቸው የሚያደርግ አሠራር አቅርቧል። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ለጭንቀት ሕመሞች ከሚሰጡት ሕክምናዎች ሁሉ በማስረጃ በእጅጉ የተደገፈው፣ ቀስ በቀስ መጋፈጥ የምንለው፣ ከዚህ የፈለቀ ነው።

በመጋፈጥ ውስጥ የሚማረው ምንድን ነው?

ለረጅም ጊዜ የቆየው አስተሳሰብ ሰው ከሚፈራው ነገር ጋር ሲቆይ ይለምደዋል፣ ሲለምደው ፍርሃቱ ይጠፋል የሚል ነበር። ከፊሉ እውነት ነው፤ የሰውነት መነቃቃት ለዘላለም ሊቀጥል ስለማይችል ከፍ ብሎ፣ ጥቂት ቆይቶ መውረዱ አይቀርም። ነገር ግን የሎስ አንጀለሷ ተመራማሪ ሚሼል ክራስክና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጽሑፍ እንዳስረዱት፣ በልምምዱ ወቅት ፍርሃቱ መውረዱ ብቻውን ለወደፊቱ ዋስትና አይሰጥም። ዋናው ነገር አንጎል «ይሆናል» ብሎ የጠበቀው ሳይሆን ሲቀር የሚያገኘው አዲስ ዕውቀት ነው። የድሮው የፍርሃት ትዝታ አይፋቅም፤ ከጎኑ አዲስ ትዝታ ይመሠረትና ሁለቱ ይፎካከራሉ። አዲስ አስፋልት ሲሠራ አሮጌው የኮረኮንች መንገድ ከመሬት አይጠፋም፤ ሰው በአዲሱ ሲመላለስ ግን አሮጌው ሣር ይበቅልበታል። የጴጥሮስ ፍርሃት የተመለሰውም አሮጌው መንገድ ስላልጠፋ ነው።

ከዚህ ግንዛቤ ተነሥተን ወደ ታክሲው እንመለስ። «ወራጅ አለ» ማለት የሚያስጨንቀው ወጣት ከመነሣቱ በፊት ሊጠይቀው የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን ይሆናል ብዬ ነው የምፈራው?» የሚለው ነው። መልሱ ተፈትኖ ሊረጋገጥ የሚችል መሆን አለበት። «እጨነቃለሁ» የሚለው አይጠቅምም፤ መጨነቁማ አይቀርም። «ድምፄ አይሰማም፤ ደግሜ ስናገር ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ ያየኛል፤ ረዳቱ ይቆጣኛል» የሚለው ግን በግልጽ የሚፈተን ግምት ነው። ይህን በወረቀት ወይም በስልኩ ላይ ጽፎ ይሳፈራል። ይናገራል፤ ይወርዳል። ከዚያም የሆነውን ከጻፈው ጋር ያስተያያል። ሰው ዞሮ አየው? ስንቱ? ረዳቱ ምን አለ? ብዙውን ጊዜ የሚገኘው መልስ ረዳቱ በሩን ከፍቶ ሌላ ተሳፋሪ መጥራቱን መቀጠሉ ነው። የጠበቀውና የሆነው በተራራቁ ቁጥር ትምህርቱ የዚያኑ ያህል ይጠልቃል።

ይህ በጣም የሚከብደው ሰው ደረጃውን ዝቅ ማድረግ ይችላል። መጀመሪያ ከጓደኛው ጋር ሆኖ፣ ተሳፋሪው ሲሳሳ፣ ከረዳቱ አጠገብ ካለው ወንበር ይናገር። ቀጥሎ ብቻውን ይሳፈር፤ ቀጥሎ ታክሲው ሞልቶ ከኋላ ወንበር ይናገር፤ ቀጥሎም የጎደለ መልሱን ይጠይቅ። ደረጃው ከአቅም በላይ መሆን የለበትም፤ ምንም የማያስጨንቅ ከሆነ ደግሞ የሚያስተምረው ነገር የለም። መጠነኛ ጭንቀት እየተሰማው ሊያደርገው የሚችለውን መምረጥ የተሻለ ነው።

ቦታንና ሁኔታን መለዋወጥም ያስፈልጋል። የቬርሞንት ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ማርክ ቡተን በእንስሳት ላይ ባደረጋቸው ብዙ ሙከራዎች እንዳሳየው፣ ፍርሃት በቀላሉ ወደ ሌላ ቦታ ይዛመታል፤ ፍርሃትን የሚያበርደው አዲስ ትምህርት ግን በተማርንበት ቦታ ተወስኖ የመቅረት ባሕርይ አለው። በአንድ መስመር ታክሲ፣ በጠዋት፣ በሚታወቅ ረዳት ፊት ብቻ የተለማመደ ሰው በሌላ መስመር ሲሳፈር እንደገና ቢፈራ የሚያስደንቅ አይደለም። በተለያየ ሰዓት፣ በተለያየ መስመር፣ ስሜቱ ጥሩ በሆነበትም ባልሆነበትም ቀን መሞከር አዲሱን ትምህርት ከቦታ ያላቅቀዋል።

አንዳንድ ጊዜ የተፈራው ነገር በእርግጥ ይደርሳል። አንድ ሰው ይስቃል፤ ረዳቱ ይቆጣል። ይህ ልምምዱን አያፈርሰውም፤ እንዲያውም በሌላ መንገድ የማይገኝ ዕውቀት ይሰጣል። የተሳቀበት ሰው ፊቱ ይቀላል፣ ለጥቂት ደቂቃ ይከፋዋል፣ ከዚያ ቀኑ ይቀጥላል። መሳቂያ መሆን የሚያስጠላ እንጂ የማይቻል ነገር አለመሆኑን በራሱ አካል ያውቀዋል።

ድብቅ ሽሽቶች

ብዙ ሰው «እኔማ እየተጋፈጥኩ ነው፣ ለውጥ ግን የለም» ይላል። እንዲህ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ድብቅ ሽሽት ነው። አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው «ወራጅ በልልኝ» ማለት፣ ስብሰባ ላይ ቀና ሳይሉ ጽሑፍን ከላይ እስከ ታች ማንበብ፣ ሠርግ ቤት ገብቶ ስልክ ላይ ማቀርቀር፣ ከመናገር በፊት ዓረፍተ ነገሩን ደጋግሞ በሐሳብ ማጥናት፣ ለመድፈር ሲሉ ጥቂት መጠጣት፣ እነዚህ ሁሉ ሰውየው በአካል ቦታው ላይ እያለ በሐሳቡ የሸሸባቸው መንገዶች ናቸው። ጉዳታቸው «በሰላም ያለፈው ይህን ስላደረግሁ ነው» የሚል ድምዳሜ ማስከተላቸው ነው፤ አዲሱ ትምህርት ሳይመዘገብ ይቀራል። በመጀመሪያው ደረጃ አንድ ድጋፍ መያዝ ነውር አይደለም፤ ጆንስም ምግብ ተጠቅማለች። ነገር ግን ድጋፉ አንድ በአንድ ሊለቀቅ ይገባዋል።

ከድብቅ ሽሽቶች ሁሉ የማይታየው ወደ ውስጥ ማየት ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዴቪድ ክላርክና ኤድሪያን ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1995 ባቀረቡት ማብራሪያ መሠረት፣ ሰው ፊት መቅረብን የሚፈራ ሰው ትኩረቱን ከሰዎቹ ላይ ያነሣና ወደ ራሱ ያዞራል፤ ድምፄ ይንቀጠቀጣል ወይ፣ ፊቴ ቀልቷል ወይ እያለ ራሱን ይከታተላል። ከዚያም በውስጡ የሚሰማውን ሁከት ሰዎች በውጭ እንደሚያዩት አድርጎ ይቆጥራል። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ቶማስ ጊሎቪችና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ የሚያሳፍር ምስል ያለበት ካናቴራ ለብሰው ሰዎች ወዳሉበት ክፍል የገቡ ተማሪዎች ግማሽ ያህሉ ሰው ምስሉን ያስተውለዋል ብለው ገምተው ነበር፤ ያስተዋለው ሩብ ያህሉ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ይሉኝታ ትልቅ ቦታ በሚይዝበት የእኛ ኑሮ ውስጥ «ሰው ምን ይለኛል» የሚለው ሥጋት ባዶ ነው አልልም፤ ሰው የሚለው ነገር በእርግጥ ይኖራል። ሰው የሚለው ግን እኛ ከምንፈራው ያነሰና ቶሎ የሚረሳ ነው። በልምምድ ጊዜ ትኩረትን ወደ ውጭ ማዞር፣ ለምሳሌ የሚያዳምጠውን ሰው ፊት ማየትና የሚናገረውን መስማት፣ ይህን በራስ ዓይን ለማረጋገጥ ይረዳል።

የማይጋፈጡት ፍርሃት

እስከ አሁን የተባለው ሁሉ የሚሠራው ከአደጋው በላይ ለገዘፈ ፍርሃት ነው። ሌሊት ጭር ባለ መንገድ ብቻዋን መሄድ የምትፈራ ሴት፣ የሚመታትን ባል የምትፈራ ሚስት፣ ወይም በአረብ አገር ፓስፖርቷን ነጥቆ የሚያስፈራራትን አሠሪ የምትፈራ እህት ፍርሃቷን እንድትለማመደው ሊነገራት አይገባም። ያ ፍርሃት እውነቱን እየተናገረ ነው፤ የሚያስፈልገው ጥበቃና መውጫ መንገድ ነው። ይህን ልዩነት ሳያስቀምጡ «ፍርሃታችሁን አሸንፉ» እያሉ የሚሰብኩ ሰዎች ጉዳት ያደርሳሉ ብዬ አምናለሁ።

ሌላም ለየት ያለ አለ። አብዛኛው ፍርሃት የደም ግፊትን ከፍ ሲያደርግ ደምና መርፌን መፍራት ግን ብዙ ሰዎች ላይ መጀመሪያ ከፍ አድርጎ በድንገት ዝቅ ስለሚያደርገው ራስን ያስታል። ለእነዚህ ሰዎች ሰውነትን ዘና ማድረግ ተገቢ አይደለም። የስዊድኑ ተመራማሪ ላርስ ዮራን ኦስት ያዳበረው ዘዴ የክንድ፣ የደረትና የእግር ጡንቻዎችን ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ገደማ ማጠንከር፣ ከዚያ ጥቂት ፋታ ወስዶ መድገም ነው፤ ይህ የደም ግፊቱን ይደግፋል። ፍርሃቱ ከባድ ሆኖ ከቤት መውጣትን፣ ሥራንና እንቅልፍን ካወከ፣ ወይም ከደረሰ አሰቃቂ በደል ጋር የተያያዘ ከሆነ፣ ብቻን ከመታገል ይልቅ ባለሙያ ዘንድ መሄድ ይሻላል። በአዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታልን ጨምሮ በሌሎች ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍሎች አሉ።

ትንሽ ድል የት ያደርሳል?

ታክሲ ውስጥ ድምፅን ማሰማት ለሰው ዕድገት ምን ይፈይዳል የሚል አንባቢ ይኖራል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1977 ባቀረበው ንድፈ ሐሳብ ሰው «እችላለሁ» የሚል እምነት የሚያገኝባቸውን ምንጮች ሲዘረዝር ከሁሉ የበረታውን ቦታ የሰጠው ሰውየው ራሱ ሠርቶ ለተሳካለት ነገር ነው። ሌሎች ሲሠሩ ማየትና ማበረታቻ መስማት ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። ይህ እምነት ደግሞ ከቦታው ይሻገራል፤ ረዳቱን መልስ የጠየቀ ሰው በሥራ ቦታው የደመወዝ ጉዳይ ለማንሣት ከሚያስፈልገው ድፍረት የመጀመሪያውን ክፍል አግኝቷል። ፍርሃቱ አይጠፋ ይሆናል፤ ውሳኔውን የሚሰጠው ግን ፍርሃቱ መሆኑ ያቆማል።

ይህ በተለይ ልጆች ላለን ወላጆች የሚያሳስብ ነው። እንግዳ መጥቶ ልጁን «ስምህ ማነው?» ሲለው፣ ልጁ ከእናቱ ቀሚስ ጀርባ ሲደበቅ፣ «ዓይን አፋር ነው» ብለን እኛ እንመልስለታለን። ፍቅር ነው፤ ነገር ግን ልጁን ወክለን እየሸሸንለት ነው። በዬል ዩኒቨርሲቲ ኤሊ ሌቦዊትዝና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ጥናት፣ ሕክምናው ለልጆቹ ሳይሆን ለወላጆቻቸው ብቻ ተሰጥቶ፣ ወላጆቹ ለልጁ ፍርሃት ሲሉ የሚያደርጉትን ነገር እንዲቀንሱ ሲሠለጥኑ፣ የልጆቹ ጭንቀት ለልጆቹ በቀጥታ ሕክምና ከተሰጠበት ጋር በሚስተካከል ደረጃ ቀንሷል። ወላጆቹ የተማሩት ልጁን መገሠጽ ወይም መግፋት አልነበረም፤ መጨነቁን አምኖ መቀበልና እንደሚችለው መንገርን አንድ ላይ ማድረግ ነው። «እንደሚከብድህ አውቃለሁ፤ ግን ትችለዋለህ» ብሎ፣ መልሱን ከአፉ ሳይነጥቁ፣ ጥቂት ሰከንዶች ዝም ብሎ መጠበቅ ነው። እንግዳውም ቢሆን ቢጠብቅ ይረዳል፤ ልጁ በሹክሹክታ ቢመልስ ለዚያ ቀን በቂ ነው፣ በሚቀጥለው ድምፁ ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል።